የዐሥሩ መንደሮች አንድ ውሃ

በአንድ ጣሳ ከዐሥር ምንጭ ተራ በተራ እየደፋችሁ ብትቀዱ፣ ቤት ስትደርሱ የስንተኛውን ምንጭ ውሃ የያዛችሁ ይመስላችኋል? የመጨረሻውን ነዋ፣ ሌላው ከየት ይመጣል፣ ምሩናሊኒ ይህን ተናግራ ተናግራ ደክሟታል፣ በፑኔው ቢሮ የመስታወት ክፍል ተቀምጣ ሻይዋ ሲቀዘቅዝ ታያለች፣ አሁን የወንዙ ባለሥልጣኖች በስክሪኑ ብቅ ይላሉ፣ ማን አጠፋ ይላሉ፣ የምትመልሰው እሷ ናት።

ዐሥር መንደር፣ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ። የመንደር ስም፣ የውሃ ከፍታ፣ ሰዓት። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘውን የመረጃ ዓይነት የፈጠረችው ራሷ ናት፣ ኮምፒውተሮቹ ስለማያውቁት እንዴት ተፈታትቶ እንደሚላክ፣ ማዶ ያለው ኮምፒውተር በዚያው ቅደም ተከተል እንዴት መልሶ እንደሚገጥመው ጻፈችላቸው፣ ተቀባዩ ፕሮግራም ግን ቆጣቢ ነው፣ ለየመንደሩ አዲስ ዕቃ አያወጣም፣ ያንኑ አንዱን እየደፋ እየሞላ ያቀብላል፣ ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ ከመክተትህ በፊት ቅጂ አውጣ፣ አንዲት የኮድ መስመር ናት፣ ጽፋት ነበር።

ታይ፣ ይላታል አለቃዋ ጊሪሽ፣ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው፣ ይቺ መስመር ታዘገየናለች፣ ደንበኛው ፊት መፍጠን አለብን፣ እናንሳት። አትነሳም፣ ትላለች። ኧረ ታይ፣ እርስዎ ደግሞ እንደ አማት ሁሉን ይጠረጥራሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ቴጃስም ሳቀ፣ ሥራውን ከሀ ጀምራ ያስተማረችው ቴጃስ፣ ለሠርግ ናሺክ በሄደች ሳምንት መስመሯን ያጠፋት እሱ ነው።

ከዚያ ዝናቡ። ዝርዝሩ ዐሥር ቦታ ያዘ፣ ዐሥሩም ቦታ ያው ዕቃ፣ ውስጡ የመጨረሻው መንደር፣ ኮረብታ ላይ ያለው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት የማያርስ። ስሙ እንኳ ዐሥር ጊዜ ያው ስም ነበር፣ ማን ያያል፣ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ማን ያነባል። ሳይረኑ አልጮኸም። የታችኛው ሰፈር ሰው ከብቱን ሳይፈታ ጎርፉ ደረሰ፣ ሁለት ሴቶች ተወሰዱ።

ከታችኛው ሰፈር ጣቢያ የውሃ ልኩን የላከው ፓንዱራንግ የተሳሳተ ቁጥር ልኳል ይበሉ፣ ይላል ጊሪሽ በጆሮዋ፣ ቢበዛ ሌላ ጣቢያ ያዛውሩታል። ያስሩታል እንጂ። ታይ፣ ቴጃስ እኮ ሚስቱ እርጉዝ ናት። የተወሰዱትስ የማን ሚስት ነበሩ፣ ፓንዱራንግ ትናንት ደውሎ ምን አላት፣ ታይ፣ ውሃው ከአደጋው ምልክት አልፏል ብዬ ልኬ ነበር፣ አልደረሳችሁም ወይ? ደርሶናል። ደርሶ ነበር፣ ሙሉውን፣ ሳይጎድል።

ስክሪኑ በራ። ጡረታዋ ቅርብ ነው፣ ጊሪሽ ጉልበቷን በጉልበቱ ይነካል።

ፓንዱራንግ የላከው ቁጥር ትክክል ነው፣ ትላለች፣ የተበላሸው እዚህ እኛ ዘንድ ነው፣ መስመሯ ትነሳ ያለው ይሄ ጊሪሽ ነው፣ ያነሳት ያ ጥግ የተቀመጠው ቴጃስ ነው።

ቴጃስ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፣ ታይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከስክሪኑ ሽማግሌው ባለሥልጣን ይደግፉታል፣ እመቤት፣ ልጅ ነው፣ ስሕተት ያለ ነው፣ ይቅር ማለት ደግሞ የትልቅ ሰው ነው።

አይደለም፣ ትላለች ምሩናሊኒ። እሱንም፣ ይሄንንም፣ ይቅር በይ የሚሉኝን እርስዎንም ጭምር፣ ማንንም ይቅር አልልም።