የጠጅ ጣይዋ ግዝት

ዳኛው «ውሉ ፈርሷል» ሲሉ ችሎት መሆኑን ረስቼ እልል አልሁ። ዘበኛው በክርኑ ጎሸመኝ። ይጎሽመኝ! ደስ ብሎኝ ነበር።

ንፋስ መውጫ ላይ በካሣነሽ ጠጅ ቤት ዘጠኝ ዓመት ጠጅ ጥያለሁ። ወይዘሮ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ አይገባትም። ማሩን የምበጠብጥ፣ ጌሾውን የምቀቅል እኔ፤ ስሙ ግን «የካሣነሽ ጠጅ»። ከልጄ ጋር የምተኛው በጋኖቹ መካከል ነበር። ወይዘሮ ውባለም አዲስ ጠጅ ቤት ከፍተው «ነይ ይታይሽ፣ ለአንቺና ለልጅሽ አንድ ክፍል አለ» ሲሉኝ፣ የራሴ በር ሊኖረኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ካሣነሽ ከሰሰችኝ። ስቀጠር «ከዚህ ቤት ብወጣ ለሌላ ሰው ጠጅ አልጥልም» የሚል ወረቀት ላይ ጣቴን አትሜ ነበር።

ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «እስከ መቼ? የትስ አገር? አይልም። ሰውን ዕድሜ ልኩን ከሙያው የሚያግድ ውል በአዲሱ ሕግ አይጸናም» አሉ። እኔም ረታሁ።

ለወይዘሮ ውባለም የጣልሁት ጠጅ የደረሰው በገበያ ቀን ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። መጠጣት እንደ ጀመሩ የነፍስ አባቴ መምሬ ወልደ ገብርኤል በር ላይ ቆሙ። የካሣነሽም የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው።

«ይታይሽ፣ ጣትሽን ባተምሽ ዕለት እኔ ምን አልሁ?»

«ለሌላ እንዳልጥል ገዘቱኝ፣ አባቴ። ዳኛው ግን አፈረሱት እኮ!»

«ዳኛው ያፈረሱት ወረቀቱን ነው። ግዝቱን ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ሞኟ ሁለቱም አብረው የፈረሱ መስሎኝ! ጠጪዎቹ ብርሌያቸውን አስቀምጠው እያማተቡ ወጡ። ከተገዘተች ሴት እጅ ማን ይጠጣል? ወይዘሮ ውባለም አለቀሱ፤ እያለቀሱም ክፍሉን አስለቀቁኝ።

«ይፍቱኝ» ብዬ መምሬ እግር ላይ ወደቅሁ። «ያስገዘተችሽ ካሣነሽ ናት። እሷ ይቅር ካላለች አልፈታም» አሉ።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። ችሎት የረታሁት እኔ፣ በተረታችው ሴት ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ ተንበረከክሁ። መምሬና ሁለት ሽማግሌዎች አጠገቤ ቆመዋል። ካሣነሽ እኔን እንዳላየች አልፋ እነሱን አስገባች፤ ጠጅ ቀዳችላቸው። እስኪጠጡ ድንጋዩ አንገቴን ፈጀኝ።

በመጨረሻ ከእነሱ ጋር ብቅ አለች።

«ዳኛው ጊዜ የለውም፣ ቦታ የለውም አሉ አይደል? ይኸው ልንገርሽ። ቦታው የእኔ ጓዳ፣ ጊዜው እኔ እስክሞት። ስሞት መምሬ ይፍቱሽ።»

መምሬ «መልካም ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም ድንጋዩን አውርጄ ጉልበቷን ሳምሁና ወደ ጋኖቹ ገባሁ።

ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ የምለምነው ሞቷን ነው። ለመምሬ ኃጢአቴን ሁሉ እናዘዛለሁ፤ ይህን ግን አልነግራቸውም።