ታንከሩ ውስጥ የገባው ወተት

የዞይላ አማት እማማ ፊሎሜና ወተቱን የማኅበሩ ታንከር ውስጥ ገልብጠው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ዛሬስ ባልዲያችን ሙሉ ነበር፣ አሉ በረቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ እያሉ።

ዞይላ ክው አለች። አንደኛዋ ላም ጡቷ አብጦ መርፌ ላይ ናት፤ ወተቷ መደፋት አለበት።

"እማማ፣ የታመመችውን አለቧት እንዴ?"

"ታዲያ ጎዶሎ ባልዲ ይዤ ልሰለፍ? የሄርሜሊንዳን ምላስ አታውቂውም?"

እውነት ነው፣ በዚያ መንደር ጎዶሎ ባልዲ ይዞ የተሰለፈ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ነው። አሮጊቷ የልጃቸውን ቤት ያስከበሩ መስሏቸው ሊያፈርሱት ነው። መድኃኒት ያለበት አንድ ባልዲ የሁሉንም ወተት ያበላሻል። ወተቱን የሚገዛው ፋብሪካ መርምሮ ካገኘው ውሉን ያፈርሳል፣ ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ወደ ነጋዴው ደጅ ይመለሳል። በነጋዴው ርካሽ ዋጋ ስንቱ ላሙን ሸጦ፣ መሬቱን ጥሎ ኪቶ ከተማ እንደገባ ዞይላ ታውቃለች። ብትናገር ደግሞ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ታንከር ያበላሸ ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ወተት አያስገባም። ዓመቱን የሚያሻግር ጥሪት እነሱ ቤት የለም።

"ዝም በይ ልጄ" አሉ አሮጊቷ፤ አሁን እሳቸውም ፈርተዋል። "የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?"

ማንም አያውቅም፤ ክፋቱም እሱ ነው። የወተት ቦቴው ጥሩምባ ከመታጠፊያው ተሰማ። ዞይላ ባርኔጣዋ ሲወድቅ እንኳ ዞር ሳትል ሮጠች። ሾፌሩ ቱቦውን ሊገጥም ጎንበስ ሲል ደረሰች፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ኤፍራይን አጠገቡ ቆመው ነበር።

"ዶን ኤፍራይን፣ እንዳይቀዳ። የኛ ወተት መድኃኒት አለበት።"

ዶን ኤፍራይን የታንከሩን መክፈቻ ራሳቸው አዞሩት። የመንደሩ ሁሉ ልፋት ቦይ ለቦይ ወረደ፣ ሴቶቹም ባዶ ባልዲያቸውን ታቅፈው አዩት። ያቺ ተረበኛ ሄርሜሊንዳ እንኳ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት።

ከዚያ ዶን ኤፍራይን፣ ደንቡ ይፈጸም የሚል እጁን ያውጣ አሉ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም አዝኖላታል። ዞይላን ያናደዳት ይኸው ኀዘን ነው። ዛሬ ለእሷ ከታለፈ ነገ ለሌላው ይታለፋል፣ ከነገ ወዲያ ታንከሩ ባዶውን ይቀራል።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች።

እሷም አባል ነበረችና የመጀመሪያውን እጅ አወጣች።