እርጥቡ ማዕዘን

አንዴ መሬት የከዳውን ቤት ደፍሮ ኢንሹራንስ የሚገባለት የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። «ቤቱ ከዚህ በፊት ሰምጦ ያውቃል?» ሲሉት ሠረቀብርሃን «አዎ» ባለ ቁጥር ከስልኩ ወዲያ ያለው ድምፅ ይቀዘቅዛል። የድሮው ኩባንያ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አስጠግኖ ሲያበቃ ውሉን አላድስም ብሎታል። ባንኩ ደግሞ ኢንሹራንስ ካላመጣህ ቤቱን እወስዳለሁ እያለ ነው። በስደት ከተማቸው፣ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ቤት ከሄደ ለሱም ለሚስቱ ለኤልሳቤትም ዮአዳንን የሚያስታውሱበት ሌላ ደጅ የላቸውም።

ዮአዳን አንድ ልጃቸው ነበረች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ማጅራት ገትር ነጠቃቸው። ጨቅላ ሳለች እትብቷ የወደቀ ዕለት ኤልሳቤት ከቤቱ ማዕዘን ሥር ቀብራ ሎሚ ተከለችበት። «እንግዲህ አገሯ እዚህ ነው» አለች። ልጅቱም እግር ስታወጣ ሎሚውን በትንሽ ቢጫ ማጠጫዋ ራሷ ታጠጣው ጀመር። እሷ በሞተች በዓመቱ ቤቱ ሲሰነጠቅ፣ ሊያየው የመጣው መሐንዲስ የሰነጠቀው የሎሚው ሥር ነው ስላለ ሠረቀብርሃን ሎሚውን በገዛ እጁ ቆረጠው። ኤልሳቤት ትንፍሽ አላለችም። እሱም ዝም ማለቷን እሺ ማለት አድርጎ ወሰደው፤ ወንድ አይደል!

በመጨረሻ አንድ ኩባንያ ገምጋሚ ላከ። ጠጉሩ የሸበተ ዙሉ ነው፤ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና ቤቱን እየዞረ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጥገናውንም አደነቀ። ሠረቀብርሃን በልቡ ተመስገን ማለት ሲጀምር ሰውዬው ከማዕዘኑ ደርሶ ቁጢጥ አለ። ኦገስት ነው፤ በዚህ አገር ደረቁ ወቅት ስለሆነ ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፏል። አፈሩ ግን በጣቱ ሲነካው ጭቃ ነው።

«ቧንቧ ፈንድቷል?» አለ።

«በዚህ በኩል ቧንቧ የለም» አለ ሠረቀብርሃን።

ኤልሳቤት ከበሩ ላይ ቆማለች። «እኔ ነኝ» አለች በአማርኛ። «በየቀኑ አጠጣለሁ።»

«ምኑን? ሎሚው እኮ የለም፣ ኤልሲዬ!»

«እትብቷ አለ።»

ለገምጋሚው የእትብቱን ነገር ሊተረጉምለት ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። ሽማግሌው ግን ገብቶታል፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኛም እንቀብራለን፣ ማማ» አላት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ተናገረ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። ማዕዘኑ በሲሚንቶ ከተሸፈነና ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ከተደረገ ይፈርማል። አለዚያ አይችልም።

ሠረቀብርሃን ሚስቱን ማየት ፈራ።

«ቤቱም ከሄደ የት አገኛታለሁ?» አለች። «ይሸፈን።»

ተሸፈነ። ገምጋሚው ተመልሶ መጣ፣ አየ፣ ፈረመ። መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲገባ ሠረቀብርሃን ስንት ጊዜ ያጣው ደስታ ተሰማውና ሚስቱን እየጠራ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ኤልሳቤት ማዕዘኑ ጋ ተንበርክካለች። ቢጫዋ ማጠጫ በእጇ ናት። ውሃው በአዲሱ ሲሚንቶ ላይ እየተንሸራተተ ወደ አጥሩ ይወርዳል፤ እሷ በመዳፏ ልትመልሰው ትሞክራለች።

ቀና ብላ አየችው። «ሠረቀ» አለችው፣ «አልጠጣ አለችኝ።»