ሰባት ምት

የሟቹ ወንድም፣ በያጁ፣ ፀጉር አስተካካዩን በቴስታ መታውና ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ለቀስተኛው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ድገማት እስቲ! ወንድሜን ምን አልከው?»

ፀጉር አስተካካዩ የተናገረው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ ነበር፤ «እሱም እኮ አርፎ አይቀመጥም፤ በሰው ደም ነው የኖረው» ብሎ።

የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ተነስታ የበያጁን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። «በቃ አንተ! ከቀበርነው ገና ሁለት ቀኑ ነው።»

የፀጉር አስተካካዩ የአፍንጫ ደም ነጭ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። ትኩስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀዩ ቀለም ብቻውን ይበቃዋል አለች ሚስትየው በሆዷ። ወዲያው በራሷ ደነገጠች።

ባሏን የሚያውቁት ሁሉ «ሚሊ» ነበር የሚሉት፤ ያለ ሚሊሜትር ስለማያወራ። ሥራው ለፍርድ ቤት ሞዴል መሥራት ነበር፤ ሰው የተገደለበትን ክፍል፣ ደረጃ ወይም መንገድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ አሳንሶ ይሠራል። አውራ ጣት የሚያህሉትን የፕላስቲክ ሰዎች የምትቀባው እሷ ናት። ሲጋቡ ብሩሽ አያያዝ እንኳ አታውቅም። ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ በውሃ ይቀጥናል ብሎ አክሪሊክ ቀለም ያስመረጣት እሱ ነው። «ከጠርሙሱ እንደወጣ አትቀቢው፣ ፊቱን ይደፍንብሻል» ይላታል። «በስሱ ቀቢ፣ አድርቂ፣ ደግመሽ በስሱ።»

በትዳር ዘመናቸው የጮኸባት አንዴ ብቻ ነው። አባቷ በመጥረቢያ የገደላት ልጅ ጉዳይ ነበር። ፎቶዎቹን ስታይ ደሟ ፈልቶ ሞዴሉ ላይ ከአልጋው እስከ በሩ ቀይ ረጨች።

«ይኼ የት አለ? ፎቶው ላይ አሳዪኝ!»

«ዳኛው ይናደድ ብዬ ነዋ!»

«ዳኛው ይይ። መናደዱን ለራሱ ተይለት።» ቀለሙን በምላጭ ሲፍቅ ዋለ፤ ጣቱን ሁለት ቦታ ቆረጠ።

አምና የሠራው የመጋዘን ሞዴል ደግሞ አንድ ሰው ዕድሜ ልክ አስፈረደበት። የዚያ ሰው ታናሽ ወንድም ነው ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የብረት ቱቦ ይዞ ሚሊን የጠበቀው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች። ለቀስተኛውን እጅ ነስታ ሚስትየውን ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ተከሳሹ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት፣ የገደለው የመንገዱ ጠርዝ ነው ይላል። ያየው ሾፌር በጠና ታሟል፤ በአራት ቀን ውስጥ ሞዴሉ ፊት ቃሉን ካልሰጠ አይደርስልንም። ሌላ ሞዴል ሠሪ የለንም። ሚስቱ መሆንዎን ዳኛው ያውቃሉ፤ ልኬቱን የሚያጣራ መሐንዲስም መድበዋል። የተከሳሹ ጠበቃ ግን አንዲት ስህተት ነው የሚጠብቀው። ይችላሉ?»

ሚስትየው እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «የሐኪሙን ወረቀት አምጪልኝ።»

መሥሪያ ክፍሉ ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ወዲያ ማዶ እየተለቀሰ እሷ መንገዱን ለጠፈች፣ ጠርዙን ቆረጠች። ወረቀቱን በግራዋ ዘረጋች። አንደኛ፣ ከቀኝ ጆሮ ጀርባ። ሁለተኛ፣ ለመከላከል የተነሳ ክንድ፤ ተሰብሯል። ሦስተኛና አራተኛ፣ ትከሻ። ሦስቱ የመጨረሻዎቹ አናት ላይ ናቸው፤ ሰውየው በደረቱ ከተዘረረ በኋላ። ፎቶው የተነሳው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ደሙ ከደረቀ ወዲያ ስለሆነ ቀዩን ከቡናማ ጋር ቀላቀለች፣ ጥቁር ጠብ አደረገችበት፣ ነጭ ማንኪያ ላይ ሞከረችው። አብረቀረቀባት። ማደብዘዣ ጨምራ እንደገና ሞከረች። አሁን እንደ ፎቶው ሆነ።

በሩ ተበርግዶ በያጁ ገባ። ከኮቱ ሥር የብረት ዘንግ ይዟል።

«እትዬ፣ ወጥቼ ልመለስ። ያ ውሻ አባት አለው፣ እኔም ክንድ አለኝ።» ከዚያ ሞዴሉን አየ። «ይኼው ነው? እነዚህ ጠብታዎች ብቻ? ጭንቅላቱ እኮ ተፈርክሷል! ሬሳ ሳጥን ውስጥ ስናስገባው የያዝኩት በዚህ እጄ ነው!»

የቀዩን ጠርሙስ ነጠቀ። እጁን ያዘችው። ገፈተራት፤ መደርደሪያው ፊቷን መታው፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ተነስታ በብረት ማስመሪያው የእጁን አንጓ ቀጠቀጠችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጠርሙሱ ወድቆ እስኪንከባለል።

«ሰባት ነው!» ጮኸች። «ስምንተኛ ከጨመርክ ሰባቱንም ይሰርዙልሃል! ውሸታም ነች ይሉኛል፣ ገዳዩም ይስቃል! የሚሊን ሥራ አንተ ነህ የምታበላሸው?»

በያጁ አንጓውን ታቅፎ ቆመ።

«አምስተኛው የቱ ነው?» አለ።

በብሩሹ ጫፍ አሳየችው።

«ስድስተኛውስ?»

አሳየችው።

ሰባተኛውን ሳይጠይቅ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ በሬ አጓራ። ሲጨርስ ዘንጉን መደርደሪያው ሥር ወሽቆ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰ።

የቀረው የሚሊ ምስል ነበር። በደረቱ ስለሚተኛ፣ ሰው የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው። ጀርባውን፣ ኮቱን፣ የተሰበረውን ክንድ ጨረሰች። ከዚያ ገለበጠችውና ከብሩሾቿ ሁሉ ቀጭኑን አነሳች። ቅንድቡን ሳለች። ጢሙ ላይ ሁለት ሽበት ጣል አደረገች። ዓይኖቹን ክፍት አድርጋ፣ በስሱ፣ አድርቃ ደግማ በስሱ ቀባች። እፍ አለችበት። ደረቱን ማጣበቂያ ቀብታ አስፋልቱ ላይ በግንባሩ ደፋችው፣ ጀርባውንም በአውራ ጣቷ ተጫነች።

ማጣበቂያው ይዟል። እሷ ግን ጣቷን አላነሳችም።