የሴቶች ወገን ፎቶ

“ማሎ እማዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ!” አብራር የእህቱን ላፕቶፕ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠው። “ጓደኛዬ ሙርሺድ ረይሃናን ሊያጭ አስቧል። ፀጉሯን ይይና ይወስን።”

እናቱ ሳሊሀ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ረይሃና በጎረቤታቸው በለጢፋ ሰርግ ፀጉሯን ፈትታ የጨፈረችው በሴቶች ወገን፣ ወንድ በሌለበት ነው። የሄርማታ ሰፈር ሴቶች ፎቶ አንሺ ልጇን ሩፈይዳን ለሰርግ የሚጠሯት ፎቷቸው ላይ የወንድ ዓይን እንደማያርፍ ስለሚያምኗት ነው። ለዚህም ብላ ፎልደሮቹን ሁሉ በይለፍ ቃል ታመሰጥራለች። “ላፕቶፑን ሌባ ቢወስደው እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ ምንም አያይም። እኔም ከረሳሁት ግን ፎቶው ለዘለዓለም ጠፋ፤ አንቺም ያዥልኝ” ብላ ቃሉን ፊደል በፊደል ያስጠናቻት፣ ሳሊሀ የጎልማሶች ትምህርት በጀመረች ሰሞን ነበር። ዛሬ ሩፈይዳ ለሰርግ ሥራ ሊሙ ገነት ናት።

“አኡዙ ቢላህ! ይህን ከአንተ አፍ ልስማ?” አለችው። “እህትህን እንዲህ ቢያዩብህስ?”

“እማዬ ደግሞ! ሊያገባት እኮ ነው።”

“ሳትወደው ብትቀርስ? ያየውን ይመልስላታል?”

“በር ላይ ቆሟል፣ አታሳፍሪኝ። እናቴ ኮምፒውተር ትከፍታለች ብዬ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ።”

ሳሊሀ ልጇን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። መጀመሪያ ስሟን የጻፈች ቀን ሰፈሩን እየዞረ ያወራላት፣ ደብተሯንም ገቢ ወጪው እንዲያይላት መስኮቱ ላይ ያቆመላት ይኸው ልጅ ነበር።

ሙርሺድ አንገቱን አስግጎ ገባ። “አሰላሙ አለይኩም እማማ። አንዴ ብቻ፣ ወላሂ። እርስዎ አንባቢ ሆነዋል ሲለኝ ጊዜ ነው የመጣሁት።”

“አልከፍትም” ብትል ነገ ይለማመጧታል፤ ከነገ ወዲያም። የማይችልን ሰው ግን ማን ይለምናል?

“ወአለይኩም ሰላም። አብራር ቀልዶብህ ነው፣ ልጄ። እኔ ፊደል መች ለየሁ? ክፍል የምሄደው ከሴቶቹ ጋር ለመጫወት ነው።”

“እማዬ!” አለ አብራር፣ ደንግጦ።

“አንተ ጉረኛ!” ሙርሺድ በሳቅ ፈነዳ። “ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይስማልሃ!”

ሳሊሀ ፊቷ ጋለ። ላፕቶፑን ከደነችው። ከዚያ ተነሥታ ስሟ የተጻፈበትን ደብተር ከመስኮቱ አወረደችና ሻሿ ሥር ሸሸገችው።