ከአራተኛ ክፍል የመጣ ወረቀት

ቢራቢሮ በዚያ ረቡዕ ማለዳ ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ በራሷ ኮርታ ነበር። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈተና ሃያ ደቂቃ ቀድማለች። እስክሪብቶ ሁለት ይዛለች፤ መታወቂያዋ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ጫማዋም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ናቸው፤ ከአበባ አበባ ስትል አንዱንም ሳትቀስም ይመሽባታል ብለው። የፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለዚህ ስለ መድኃኒት መጠንና አወሳሰድ ለሚጠይቅ ፈተና አሥር ቀን ሙሉ ተቀምጣ አጥንታለች። ተቀምጣ ማለት እንኳ ለእሷ አይሆንም። አንድ ገጽ ታነብና ውሃ ልጠጣ ብላ ትነሳለች፤ ውሃው ጋ ሳትደርስ የተጣመመ መጋረጃ ታያለች፤ መጋረጃውን ልታቃና ወንበር ላይ ትወጣለች፤ ከወንበሩ ስትወርድ ውሃውም መጽሐፉም ከልቧ ወጥተዋል። ቢሆንም እንደ ምንም ብላ ጨርሳዋለች።

የአዳራሹን በር ገፋ ብታደርገው ሰው የለም። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን ትወለውላለች።

"እትዬ፣ ፈተናው ክፍል ተቀየረ እንዴ?"

"የምን ፈተና?"

"የፋርማሲዎች። የሦስተኛ ዓመት።"

ሴትዮዋ መወልወያውን ደገፍ ብላ አየቻት። "እሱማ ትናንት አለቀ እኮ ልጄ። ይኸው የጣሉትን ወረቀት ስለቅም አይደል ያረፈድኩት።"

ቢራቢሮ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ስልኳን አውጥታ ከሁለት ሳምንት በፊት ፎቶ ያነሳችውን የፈተና ፕሮግራም ከፈተች። ሠላሳ ጊዜ ሳታየው አልቀረችም። አሁን ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ አነበበችው፦ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። ረቡዕ የሚለው አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ የሌላ ትምህርት ክፍል ነው። ሠላሳውንም ጊዜ ዓይኗ ዘሎ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

ክው አለች። ከዚህ በፊት ሁለት ትምህርት ወድቃለች፤ ሦስተኛው ከተጨመረ ከኮሌጁ መባረር ነው። እግሯ እንዴት አድርጎ ወደ መምህሩ ቢሮ እንዳደረሳት አታውቅም።

መምህሩን ተማሪዎቹ ሚዛን ይሉታል፤ ለማንም ግማሽ ነጥብ ስለማያዘነብል። ገና አፏን ሳትከፍት፣ "ትናንት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ" አላት። "አምስት ደቂቃ።"

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሚዛን በር ላይ ቆሞ ተማሪ ጠበቀ ሲባል ማን ያምናል?

"ቀኑ ተምታቶብኝ ነው" አለች። ለራሷ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰላት።

መሳቢያውን ከፈተና ያለፈው ወር የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ይሄን ተመልከቺ። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ከባዶቹን ጥያቄዎች የሠራሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ከዚያ ጀርባው ላይ ያሉት አራት ቀላል ጥያቄዎች ባዶ ናቸው። ለምን ተውሻቸው?"

ቢራቢሮ ወረቀቱን ገለበጠችው። 

"ጀርባ ነበረው እንዴ?"

መምህሩ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ መሳቢያው ውስጥ መለሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰነፍ ተማሪ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሰነፍ ነው" አለ። "ሰነፍ ከባዱን ሠርቶ ቀላሉን አይተውም። የኮሌጁ ክሊኒክ ሂጂ። ላባርርሽ አይደለም የምልክሽ፤ ሂጂና ይዩሽ።"

የክሊኒኩ ሐኪም ጠና ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትፈልገዋለች። ቢራቢሮ መርፌ ወይም የጭንቅላት ፎቶ ጠብቃ ነበር፤ ሐኪሟ ግን መጠየቅ ብቻ ጀመረች።

"ሰው ሲያናግርሽ ድምፁ እየተሰማሽ ወሬው የሚያመልጥሽ ጊዜ አለ?"

"አዎ።"

"አንድ ነገር ደስ ካለሽ ደግሞ ምግብም ሳያሰኝሽ ስድስት ሰዓት ሙሉ ትቀመጫለሽ?"

"አዎ።"

"መሥራት እየፈለግሽ፣ መጀመሩ ብቻ አቅቶሽ፣ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ስትሰድቢ ትውያለሽ?"

ቢራቢሮ ዞር ብላ በሩን አየች። "ዶክተር፣ ጓደኞቼ ደውለውልዎት ነው?"

ሐኪሟ ሳቀች። "ማንም አልደወለልኝም። እንዳንቺ ያለ በወር ሦስት አራት ይመጣል። ትኩረትን የመሰብሰብ ችግር ይባላል። አብሮሽ የተወለደ ነው እንጂ አንቺ ያመጣሽው አይደለም።"

ለቢራቢሮ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ እንዲህ ያለች እሷ ብቻ ትመስላት ነበር።

"ለማረጋገጥ ግን ልጅነትሽን ማወቅ አለብኝ" አለች ሐኪሟ። "ያሳደገሽን ሰው አምጪልኝ።"

ያሳደገቻት እናቷ ናት። በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ቃል የማያጥራት ሴት ናት፤ ልጇ ዕቃ ጣለች ሲሏት፣ ቀጠሮ ረሳች ሲሏት፣ "ብትፈልጊ ትችያለሽ! ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን አለብሽ?" የምትለው ንግግር እንደ ልብስ ስፌት መኪናዋ መቆሚያ የለውም። በስልክ "ሐኪም ስለ ልጅነቴ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል" ስትላት ግን ምንም አልጠየቀቻትም። "አርብ እመጣለሁ" አለችና ዘጋችው።

አርብ ሦስቱ የሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ሐኪሟ፣ "ልጅዎ ሕፃን ሳለች እንዴት ነበረች?" አለቻት።

እናት ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና በሁለት እጇ ገፋ አደረገችው። "እርስዎ ያንብቡት። እኔ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ አልችልም።"

ሐኪሟ አነበበችው፦ "የተከበሩ የተማሪዋ ወላጅ፣ ልጅዎ አእምሮዋ ፈጣን ነው። ሐሳቧን አንድ ቦታ ማቆየት ግን ያቅታታል። ይህ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም። እባክዎ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የአራተኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት።"

ቢራቢሮ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አልቻለችም። ያቺን መምህርት ታስታውሳታለች፤ ከመስኮቱ አርቃ ፊት ለፊት ያስቀመጠቻት እሷ ናት።

"መቼ ነው የመጣው?"

"አሥር ዓመትሽ ነበር" አለች እናት።

አሥራ አንድ ዓመት! ቢራቢሮ ከወንበሯ ተነሳች። "እያወቅሽ ነው ሰነፍ ስትዪኝ የኖርሽው? በየዓመቱ፣ በዘመድ ፊት፣ እያወቅሽ?"

"እስቲ ስሚኝ..."

"ምን ልስማ? ራሴን የጠላሁት አንቺን አምኜ እኮ ነው!"

እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው። "ለአጎትሽም እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቶ ነበር" አለች። "ለታናሽ ወንድሜ። አባታችን ማንበብ ስለማይችል ለጎረቤት አስነበበው። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ 'ጭንቅላቱ ታሟል' አለ። ከትምህርት ቤት አስወጡት። መንገድ ላይ ልጆች እየተከተሉ ይስቁበት ነበር፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቤት ጠፋ። ያንቺን ወረቀት ሳየው ደሜ ውሃ ሆነ። ሰነፍ ቢሏት ይሻላል አልኩ። ሰነፍ አንድ ቀን ይተጋል፤ በሽተኛ ያሉትን ግን ማን ይመልሰዋል? ልጥለውም አልቻልኩ፤ ላሳይሽም አልቻልኩ።"

ቢራቢሮ አጎቷ ሥራ ፍለጋ እንደሄደ ነበር የምታውቀው። በአንድ ቀን ሁለት ዱብ ዕዳ! በሩን ከፍታ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። እናቷ ተከትላት መጥታ ፊቷ ቆመች።

"ዛሬ ላናግርሽ አልችልም፣ እማዬ።"

"እሺ። አታናግሪኝ። እዚሁ ልቁም ግን።"

ቆመች። ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ አልተቀመጠችም፤ አንድ ቃልም አልወጣትም። ቢራቢሮ ከንዴቷ መሃል፣ እናቷ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ስትል በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ ገረማት።

ሐኪሟ የጻፈችው ማስረጃ ለድጋሚ ፈተና ሦስት ሳምንት አስገኘላት። መድኃኒትም አዘዘችላት፣ በትንሹ የሚጀመር። "ክኒኑ መነጽር ማለት ነው" አለቻት። "ያሳይሻል እንጂ አያነብልሽም።" የቀረውን ደግሞ እንደ ልማድ መትከል ነበረባት፦ ቀጠሮ ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ብቻ፤ የምታነበው መስመር ሥር ማስመሪያ፤ ሃያ ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ በደወል። ከሁሉ በላይ የጠቀማት ግን ሐኪሟ መጨረሻ ላይ ያለቻት ነበር፦ "ብቻሽን አታጥኚ። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው አጠገብ ተቀመጪ።"

ለጥናት እናቷ ቤት ሄዳ ብታይ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ያለው አንድ ብቻ ነው። ተኮራርፈው አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ እሷ ታነባለች። ደወሉ ሲጮኽ እናት ክሩን ትበጥሳለች፣ ልጅ መጽሐፉን ትዘጋለች። ሰባት ቀን ከ"እንብላ" በቀር ሳይነጋገሩ አለፈ። በስምንተኛው እናት የግፊት ክኒኗን አንስታ፣ "ይሄን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አለች፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

ቢራቢሮ ቀና ሳትል ነገረቻት፤ መጠኑን፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ፣ ቢረሳ ምን እንደሚደረግ። ስትጨርስ ራሷ ደነገጠች። መጽሐፉ ተዘግቶ ነው። አንድም ሳይጎድል ጭንቅላቷ ውስጥ አለ!

እናት መቀሱን እንደያዘች ቀረች። "ይሄ ሁሉ ውስጥሽ ነበር?" አለች፤ እንባዋም ጨርቁ ላይ ዱብ ዱብ አለ። ቢራቢሮ አላቀፈቻትም፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም ነበር። ወንበሯን ብቻ ትንሽ አስጠጋች።

ድጋሚውን ፈተና በቀኑ ተፈተነች፤ ሰባ ስምንት አገኘች። በዚያው ሳምንት ቁልፏን ሁለት ጊዜ ጥላለች፤ አንድ ቀጠሮም አምልጧታል። እንዲያ ነው፤ በአንድ ጀምበር የሚቃና ነገር የለም።

ውጤቱን ያየች ዕለት የአጎቷን ስልክ ቁጥር ከእናቷ ጠየቀች። ሩቅ ከተማ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ለእህቱ ብቻ አልፎ አልፎ ይደውላል። ድምፁን ሰምታው አታውቅም።

"አጎቴ፣ የእህትህ ልጅ ነኝ።"

"ምነው፣ ሰው ሞተ?"

"አይ፣ ሁሉም ደህና ነው። አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ያ በልጅነትህ ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት አለ አይደል? ለእኔም መጥቶ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እብደት አይደለም፣ አጎቴ። ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። ኮሌጅ እየተማርኩ ነው።"

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ አንድ ሰው በር ክፈት እያለ ተጣራ። አጎቷ ለሰውዬው መልስ አልሰጠም።

"እስቲ ድገሚልኝ" አላት። "ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።"