አንድ ዙር

ቁልፉ በአንድ ዙር ሲከፈት ቁልፍ ሠሪው ክው ብሎ ቀረ። መቆለፊያውን ራሱ ነው የገጠመው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት ዙር እየቆለፈ ኖሯል። በአንድ ዙር ትቶ የሚሄድ ሰው ቢኖር ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘው ወዳጁ መምህሩ ብቻ ነበር። "አንዴ ይበቃል፤ የሚሰረቅ እምነት የለን" እያለ ያበሽቀው ነበር። መምህሩ ግን ከተቀበረ ሦስት ሳምንቱ ነው።

ከልብስ ስፌቱ ቤት በላይ ያለችው ይህች ክፍል የማያምኑ ሰዎች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብባት ናት። በቀብሩ ዕለት እሱ ቆልፏት ከወጣ ወዲህ ማንም አልገባባትም። ወንበሮቹ እንደታጠፉ ግድግዳ ተደግፈው አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ግን ተዘርግቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል፤ መቀመጫው ላይ ቅንጣት አቧራ የለም።

የእግዜር ወንበር ነው። ቀልዱን ያመጣው መምህሩ ነበር። ስብሰባ ሲጀመር ለእግዜር ወንበር ይዘረጋል፣ ስሙ ይጠራል፣ አባላቱ በአንድ ድምፅ "ቀሪ" ይላሉ፣ መዝገብ ላይም ይሰፍራል። በመጨረሻው ቅዳሜ መምህሩ እየሳቀ፣ "ሞቼ እዚያ ማዶ አንዳች ነገር ካገኘሁ በእሱ ፈንታ መጥቼ እቀመጣለሁ" ብሎት ነበር። ያን ጊዜ አብሮ ስቋል።

ሰብሳቢዋ የጥርስ ሐኪም ከሌሎቹ አባላት ጋር ስትደርስ ያየውን ነገራት።

"ረስተኸው ነው" አለችው። "ሐዘን ላይ ነበርክ። ሐዘንተኛ እንኳን በር መቆለፍ፣ መብላቱንም ይረሳል።"

"ሁለት ዙር ነው የቆለፍኩት። እግዜር ያውቃል።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እግዜርን የጠራ አባል ወለሉን ይጥረግ የሚል ደንብ አላቸው፤ ሰላምታውም ምስጋናውም በእግዜር ነውና ወለሉ ሳይጠረግ የዋለበት ቅዳሜ የለም።

"በል፣ መጥረጊያው የአንተ ነው" አለችው ሐኪሟ። "ለመሆኑ የመምህሩ ቁልፍ የት ነው ያለው?"

ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። የመምህሩ ታላቅ እህት ነበሩ፤ ወንድማቸው እንዲያምን ዕድሜ ልካቸውን የጸለዩ ሴት።

"ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆቼ፣ ቁልፋችሁን ልመልስ ብዬ ቤቱን ሁሉ አገላብጬ አጣሁት" አሉ። "ከደረት ኪሱ አይለየውም ነበር። ኮቱን አልብሼ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ የወንድሜን ኪስ መፈተሽ አልሆነልኝም። አብሮት ገብቷል።"

ማንም አልሳቀም። እትዬ ደረጃው አድክሟቸው ስለነበር የተዘረጋው ወንበር ላይ አረፍ አሉ። ወዲያው ግን ግራ ገብቷቸው ዙሪያውን ተመለከቱ።

"ይሞቃል። ማን ነው የተነሣልኝ?"

"ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል፣ እትዬ" አለች ሐኪሟ። የክፍሉ መስኮት ግን ፀሐይ የሚያየው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው።

እህትየው ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ መርቀዋቸው ወጡ። ሐኪሟ መዝገቡን ገልጣ "እግዜር" ብላ ጠራች። "ቀሪ" የሚል ጠፋ። መዝገቡን ዘጋችው።

"እኛ እኮ ካላየን አናምንም የምንል ሰዎች ነን" አለች። "እንፈትነው። ዛሬ ወንበሩን አጥፈህ ሁለት ዙር ቆልፍ፤ እንዳትረሳ። ቅዳሜ መጥተን ሁላችንም እናያለን።"

በዚህ ተስማምተው ተበተኑ። ቁልፍ ሠሪው ብቻውን ቀርቶ ይጠርግ ጀመር። ወንበሮቹን አንድ ባንድ አጠፈ። ያኛው ዘንድ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው፤ ዙሪያውን ጠርጎ እንዳለ ተወው። ፈርቶ ነበር፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ናፍቆቱ አንጀቱን በላው። በዚህ ዓለም ላይ እንደ መምህሩ ያሳቀው ሰው የለም።

ወጥቶ በሩን ዘጋ። ቁልፉን አንዴ አዞረ። ሁለተኛውን ሊያዞር ሲል አንድ ነገር መጣበት፤ ቅዳሜ ቁልፉ ሁለት ዙር ቢጠይቀው መምህሩ ዳግመኛ ይሞትበታል። በአንድ ዙር ከተወው ግን ማን እንደቆለፈው ለይቶ የሚያውቅ አይኖርም።

ከውስጥ ወንበሩ ሲጢጥ ያለ መሰለው። መለስ ብሎ አላየም። ቁልፉን በአንድ ዙር ነቅሎ ኪሱ ከተተና ደረጃውን ወረደ።